ላይ ድልድይ

ቀያሹ መነጽር ቤቱ የደረሰው ቀትር ላይ ነበር። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ጫማው አቧራ ጠጥቷል። የመለኪያ መሣሪያውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በሩ ሥር አስደግፎ ገባና ትንፋሹ እስኪመለስ ዝም ብሎ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ላይ ሰፈር በየት በኩል ነው?»

መነጽር ሠሪዋ ቀና አላለችም። ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ብሎን በመቆንጠጫ ይዛ፣ የመነጽር ማጠፊያ ውስጥ ልታስገባት ቀዳዳዋን እየፈለገች ነበር።

«እርስዎ የቆሙበት ነው» አለችው።

«ይኼ?»

«አዎ፣ ይኼ።»

ሰውዬው ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና ወደ ውጭ አየ። ከመንገዱ ማዶ ወንዙ ይፈሳል። በከተማዋ ውስጥ ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ከዚያ ቀና ብሎ በመንገዱ ጫፍ የሚነሳውን ኮረብታ፣ በኮረብታው ላይ ተደራርበው የተሠሩትን ቤቶች፣ ከሁሉም በላይ የተሰቀለውን የውሃ ማጠራቀሚያ አየ።

«እኔ ከዚያ ነው የመጣሁት» አለ በጣቱ እያሳየ። «ጠዋት ሙሉ ላይ ሰፈር ብዬ ያን ዳገት ስወጣ ነበር። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ውረድ ይለኛል። ስወርድ ስወርድ ይኸው ወንዝ ልገባ ደረስኩ።»

«ውረድ ያሉዎት እውነታቸውን ነው።»

«ያ ታዲያ ምንድን ነው የሚባለው?»

«ታች ሰፈር ነዋ።»

ብሎኗ ገባች። መነጽር ሠሪዋም ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ንዴት የሚታይበት መስሏት ነበር፤ አልነበረም። መንገድ ላይ ምንነቱን የማያውቀው ነገር ወድቆ ያገኘና ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ይመስል ነበር።

«ለምን?» አላት።

«ምኑ ለምን?»

«ዝቅ ያለው ላይ፣ ከፍ ያለው ታች የተባለው ለምንድን ነው?»

እዚያው ተወልዳ እዚያው ስታድግ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ራሷንም ጠይቃ አታውቅም።

«ስለሚባል ነው» አለችው።

መስታወት ከሚሞረድበት ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አክስቷ ስትስቅ ተሰማች። «ጥሩ መልስ ሰጠሽው የኔ ልጅ። እንግዲህ ሰውዬው ለመሥሪያ ቤቱ ‹ስለሚባል ነው› ብሎ ይጻፍላቸው።»

ቀያሹም ሳቀ። ማቆሚያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ዞር ብሎ አንድ ጊዜ አያት። እሷ ወደ ሥራዋ ብትመለስም ያቺ «ለምን» ጠረጴዛው ላይ ቀረች።

* * *

እዚያች ከተማ ያደገ ሰው ላይ ሲል ወንዝ ዳሩን፣ ታች ሲል የኮረብታውን ራስ ማለቱ ነው። ወንዙን የሚያሻግረው ላይ ድልድይ ይባላል። ኮረብታው ጫፍ ላይ የክረምት ውሃ የሚወርድበትን ገደል የሚያሻግረው ደግሞ ታች ድልድይ ነው። ዳገቱን እያለከለከ የሚወጣን ሰው ወዴት ነህ ቢሉት «ታች ደርሼ ልምጣ» ይላል፤ የሚስቅበትም የለም።

መነጽር ሠሪዋ በከተማዋ ትኮራለች፤ ግን አትፎክርም። ሰው ስለ ሌላ ከተማ ሰፊ ጎዳና ሲያወራ «የእኛ የጠበበው ሰው እንዲተያይ ነው» ብላ ታልፋለች። መካከላቸው ተሸርሽሮ እንደ ሳህን የጎደጎዱትን የድንጋይ ደረጃዎች ትወዳለች፤ እግሯ የት ላይ እንደሚያርፍ ከእሷ በፊት የወጡት ሰዎች የወሰኑላት ይመስላታል። ማዘጋጃ ቤቱ ቲያትር ውስጥ ያሉት የእንጨት ወንበሮች ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ይንቋቋሉ። ከዚህ የተነሳ የከተማዋ ሰው ቲያትር ሲያይ እስትንፋሱን ይዞ ነው። ከሌላ አገር የመጡ ተዋንያን እንዲህ ያለ ጸጥታ አይተው እንደማያውቁ ሲናገሩ እሷ ወንበሮቹን አመስግና ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ ታውቃለች። ላይ ለምን ላይ እንደሆነ ግን አታውቅም። ነገሩ ከነከናት።

ቀያሹ ከዋናው መሥሪያ ቤት ከተማዋን ለክቶ አዲስ ካርታ እንዲሠራ የተላከ ነው። በየመንገዱ ጥግ መሣሪያውን ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ ይውላል። የሥራ ባልደረቦቹ ጥላ ፍለጋ ሲሄዱ እሱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሰው ያነጋግራል። መነጽር ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሳላታል፤ እሷም አንገቷን ትሰብራለች። ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረም።

የካርታው ረቂቅ ማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ ላይ ሲሰቀል ግን ከተማው ታመሰ።

ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ደረጃዎቹ፣ ድልድዮቹ፣ አሮጌው ዋርካ እንኳን ሳይቀር። ነገር ግን ኮረብታው ላይ «ላይ ሰፈር»፣ ወንዙ ዳር «ታች ሰፈር» ተብሎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲመላለሱ ኖረዋል። ማታ እራት ላይ ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩ።

«እኔ ላይ ብዬ የጫንኩትን ሰው ሁሉ ታች አራገፍኩት ማለት ነው?» አሉ።

«አባዬ፣ ረቂቅ ነው እኮ።»

«መኪና አፈር ሲደፋ ገልባጭ ይባላል። ከተማ የሚደፋስ ምን ይባላል?»

በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ የተሳፈረ ሁሉ ቀያሹን «ገልባጩ» እያለ ወረደ። በሳምንቱ ቀያሹ ሌላ ስም እንዳለው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

* * *

ገልባጩ ወደ መነጽር ቤቱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«ምን ፈለግህ?» አለችው።

በንዴቷ አንተ ብላው ነበር። ሁለቱም ሰሙት። ወደ እርስዎ የመለሰው ግን የለም።

«ዓይኔን እንድታይልኝ ነው» አላት። «የምጽፈው ነገር ሁሉ ሲገለበጥ ጊዜ ደህና አያለሁ ብዬ ማመን አቃተኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሞረዱ ቆመ፤ አክስቷ እያዳመጠች ነው።

«ነግሬህ ነበር» አለችው። «እዚሁ ቆመህ ላይ ሰፈር ይኼ ነው ብዬሃለሁ።»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

«ካርታ የሚጠቅመው እንግዳ ሰውን ነው። እንደኔ ያለ እንግዳ ዳገት ለዳገት ሲንከራተት እንዳይውል ብዬ ነው። ስህተት ያረምኩ መሰለኝ።»

«አንድ ከተማ ሙሉ ነው የሚሳሳተው?»

ያንኑ ዓይኑን፣ ወድቆ ያገኘውን ነገር የሚያይበትን፣ ወደ እሷ አነሳ።

«እሺ፣ ለምን ላይ እንደሆነ ንገሪኝ። ምክንያቱን ካወቅሁ ለመሥሪያ ቤቴም የምለው አገኛለሁ።»

የሙከራ መነጽሩን አንስታ አፍንጫው ላይ አስቀመጠችለት፤ ሌላ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ገበታ እንዲያነብ ነገረችው። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አነበበ።

«አሁን ይሻላል?»

«በጣም ይሻላል።»

«ምንም መስታወት አላስገባሁበትም እኮ።»

አክስቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች። «የዚህ ልጅ በሽታ ዓይኑ ላይ አይደለም» አለችና ተመልሳ ገባች።

መነጽር ሠሪዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እሁድ ና» አለችው። «የሚያውቅ ሰው ይኖራል። አብረን እንጠይቃለን።»

* * *

መጀመሪያ የጠየቁት ፀጉር አስተካካዩን ነበር። መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ ሳያርቅ መለሰላቸው።

«ይኼማ ቀላል ነው። ድሮ ሀብታሙ ሁሉ ውሃ ዳር ነበር የሚኖረው። ሀብታም ደግሞ የትም ቢቀመጥ ላይ ነው። እኔን አታዩም? ኮረብታ አናት ላይ እየኖርኩ ታች ነኝ።»

ቀጥሎ የጠየቋቸው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ወይዘሮዋ በሩን ከፍተው ገና ጥያቄውን ሳይጨርሱላቸው በጥያቄ መለሱ።

«የዱሮው ወህኒ ቤት የነበረው ኮረብታው ራስ ላይ ነው። ሰው ወህኒ ይወጣል ወይስ ይወርዳል?»

«ይወርዳል» አለ ቀያሹ።

«በቃ። ታች ማለት ያ ነው። ሂዱ አሁን፣ ሻይ ጥጃለሁ።»

ቀያሹ በሩ ተዘግቶ እንኳን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ደስታው እንደ ልጅ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ደረጃውን ግማሽ ከወረዱ በኋላ ግን ቆም አለ።

«ወህኒ ቤቱ የተሠራው ከስሙ በኋላ ቢሆንስ?»

«አንተ ደስታ አይበረክትልህም?» አለችው።

«ይበረክትልኛል። ግን ሌላ እሁድም እንዲኖር ነው።»

ይህንን የተናገረው በተራ ድምፅ ነበር። እሷ ግን የሚቀጥለውን ደረጃ ስታ ልትወድቅ ነበርና እጇን ያዛት። ደረጃው ካለቀ በኋላም ወዲያው አልለቀቀውም።

እሁዶቹም ኖሩ። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለፈችባቸውን በሮች እሱ ያንኳኳል፤ በእሱ ጥያቄ ምክንያት ምንም የማታውቃቸውን ነገሮች ትሰማለች። የተወለደችበት ቤት ድሮ የሻማ መሥሪያ እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። የራሷን ከተማ እየጎበኘች እንደሆነ ሲገባት አፈረች፤ ቀጥሎ ደግሞ ደስ አላት። እሱ ኮረብታውን ላይ፣ ወንዙን ታች ማለቱን አልተወም፤ ምላሱ አልታዘዝ ብሎት ነው። እሷ ማረም ሰለቻት። ውሎ አድሮ ላይ ሲላት ቀጥ ብላ ወደ ኮረብታው መሄድ ጀመረች። አንዱን ቋንቋ ወደ ሌላው እንደምትመልስ ሰው፣ ሳታስበው ቃሉን ትገለብጠዋለች።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ጥያቄውን ሰምተው ሲያበቁ ወደ ወንዙ ጠቆሟቸው።

«ውሃው ውስጥ እዩት» አሏቸው።

ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ነፋስ አልነበረም። ኮረብታው፣ ቤቶቹ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ ሁሉም ተዘቅዝቀው ውሃው ውስጥ ነበሩ። የኮረብታው ራስ ከሁሉም ጠልቆ፣ ከታች።

«መጀመሪያ የመጡት ሰዎች በጀልባ ነው የመጡት» አሉ ሽማግሌው። «ያዩት እሱን ነው። እንግዲህ ማመን የእናንተ ነው።»

ቀዛፊው ሄዱ። እነሱ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ውሃው ውስጥ ከቤቶቹ መሐል የእሱ ፊትና የእሷ ፊት ጎን ለጎን ይታዩ ነበር።

«ይኼኛው ነው እውነቱ?» አለችው።

«አላውቅም። እውነት ባይሆንም ደስ ይለኛል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ካርታው ላይ ስሞቹን ወደ ቦታቸው መለሰ። ለመሥሪያ ቤቱ ምን ብሎ እንዳስረዳ ስትጠይቀው «ስለሚባል ነው አልኳቸው» አላት። የከተማው ሰው ቁጣው በረደለት፤ ገልባጭ የሚለው ስም ግን አልለቀቀውም።

* * *

የአባቷ ቁጣ አልበረደም።

«ካርታውን መለሰው እኮ አባዬ» ብትላቸው፣ «ባይነኩት ኖሮ መመለስ ምን አመጣው» አሉ። ከዚያ የጫማቸውን ማሰሪያ እየፈቱ፣ ዓይናቸውን ከጫማው ሳያነሱ፣ «ልጄ» አሏት። «እኔ ሰው አልጠላም። ግን ቀያሽ ለክቶ ይሄዳል። ለክቶ የቀረ ቀያሽ አይቼ አላውቅም።»

«ቢቀርስ?»

«አይቀርም። ቢቀርም ቤቴ አይገባም፤ ወንበሬን ይገለብጥብኛል።»

ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሳቀች። ክፍሏ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን ሳቁ አልተከተላትም። አባቷ የተናገሩት እሷም ስታስበው የከረመችው ነገር ነው። ሥራው አልቋል። እሱ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚኖር ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ሌላ ቦታ መኖርን ብታስብ እግሯ የሚያርፍበት ደረጃ አይታያትም። «ቅር» ብላ እንዳትለምነው፣ ሰውን ከሥራው አስቀርታው ኋላ ቢቆጨው ምን ትመልሳለች? እንዲቀርላት ደግሞ ከልቧ ትፈልጋለች።

ሐሙስ ዕለት መጣ። እሷ አንዲት ወይዘሮ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ የሙከራ መነጽሩን አድርጋላቸው ፊደል እያስነበበች ነበር።

«ወደ ሌላ ከተማ ሊልኩኝ ነው» አለ ሰላምታም ሳይሰጥ። «መኪናው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ከእኛ ጋር ቅርና ሥራ ብሎኛል። የትኛውን እንደመረጥኩ ለመኪናው ሾፌር ነው የምነግረው።»

«ይኼ ‹ሰ› ነው ‹በ›?» አሉ ወይዘሮዋ።

«‹ሰ› ነው እናቴ» አለች መነጽር ሠሪዋ ሳታየው።

«ለደንበኛ መልሱን አይነግሩም» አለች አክስቷ ከመጋረጃው ጀርባ።

እሱ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «አሁን መልሺልኝ አልልሽም። ሰው ፊት ነው፤ ደግሞም አስቢበት። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ ላይ ድልድይ እጠብቅሻለሁ። ብትመጪ እቀራለሁ። ብትቀሪ እሄዳለሁ።»

ብሎ ወጣ። የበሩ ደወል ጮኸና ዝም አለ።

ወይዘሮዋ አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «ልጄ፣ እስቲ ይኼን ነገር አውልቂልኝ» አሉ። «ፊቱ አምልጦኛል።»

* * *

ስልክ በየሰው ኪስ ያልገባበት ዘመን ነበር። ቅዳሜ ከቀጠሮው ቀደም ብላ ከቤት ወጣች፤ አባቷ እንዳያዩዋት በአውቶቡስ ሳይሆን በደረጃው። እሱ ላይ ሲል ኮረብታውን ማለቱ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የድንጋዩን ደረጃ እስከ ጫፍ ወጥታ ገደሉን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ቆመች።

አልመጣም ነበር። ቀድሜ መጥቼ ነው አለች ለራሷ። የምትነግረውን ደጋግማ አሰበች። እንዲቀር የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ፤ ያልተንኳኩ በሮች አሉ፣ ክረምት ሲገባ ወንዙ ቀለሙን እንዴት እንደሚለውጥ አላየም፣ የሚንቋቋውን ወንበር ይዞ አንድ ሙሉ ቲያትር ሳይነቃነቅ ማየት ገና አልቻለበትም። ከተማዋ ለእሷ የምትናገርላት መሰላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አለፈም። የአባቷ አውቶቡስ ዳገቱን እያቃሰተ መጣ። አባቷ አይተዋት ጥሩንባ ነፉና አለፉ። ተመልሰው ሲወርዱም አዩዋት፤ ያን ጊዜ ጥሩንባ አልነፉም።

ቀረ ማለት ነው። ሰው ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ ለመንገር ፈርቶም ይሆናል። እንዲህ እያለች ለእሱ ምክንያት ትፈልግለት ጀመር። ምክንያት መፈለግ ያስተማራት እሱ ነው። እጇን የድልድዩ ብረት ላይ ብታደርገው ፀሐይ አግሎት ነበር፤ አላነሳችውም።

አውቶቡሱ እንደገና ሽቅብ መጣና ከፊቷ ቆመ። ፌርማታ አልነበረም።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት አባቷ በመስኮቱ።

«ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«ማንን?»

ዝም አለች።

«ገልባጩን እንዳትዪኝ።»

አባቷ እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱ።

«እሱማ ላይ ድልድይ ቆሟል። ስወርድም አየሁት፣ ስወጣም አየሁት። እንደ ስልክ እንጨት ተገትሯል። ሻንጣ ይዟል፤ ጎሽ፣ ሊሄድልን ነው ብዬ ነበር።»

«ላይ ድልድይ ይኸው አይደለም እንዴ?»

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ወሬ ጸጥ አለ።

«ምን አለች?» አለች የሽንኩርት ዘንቢል ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት።

«ላይ ድልድይ ይኼ ነው አለች» አሉ ከኋላዋ የተቀመጡ ባለ ከዘራ ሽማግሌ።

«የሾፌሩ ልጅ?»

«የሾፌሩ ልጅ።»

አባቷ በመስኮቱ ወጣ ብለው አተኩረው አዩዋት። «የት ነው ያለሽው አንቺ ልጅ?»

«ታች» አለች ቀስ ብላ።

«አሁን ላይ አልሽ።»

«እሱ ነው ላይ ድልድይ እጠብቅሻለሁ ያለኝ። እሱ ላይ ሲል ይኼንን ማለቱ ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚናገረው። እኔም…» እጇን ከብረቱ አነሳች። «እኔም በእሱ አነጋገር ሰምቼው ነው።»

አባቷ ነገሩን ለማላመጥ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እና እሱ እንደኛ ተናገረ።»

«መሰለኝ።»

«አንቺ ደግሞ እንደሱ ሰማሽ።»

«አዎ አባዬ።»

አውቶቡሱ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም፤ ቲያትር ቤት ይመስል ነበር። አባቷ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ግንባራቸውን ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት።

«ለእሱ ብለሽ ታችን ላይ ካልሽ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንግዲህ እኔ የምከለክለው ምን ቀረኝ? ግቢ።»

ገባች። አባቷ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ከኖሩበት መስመር ወጥተው፣ አውቶቡሱን በጠባቡ መንገድ ላይ ማዞር ጀመሩ።

«ሾፌር፣ እኛ እኮ ታች ወራጆች ነን» አለች ባለሽንኩርቷ። «ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።»

«ትደርሻለሽ።»

«ኧረ አሁንስ ገልባጩ አንተው ሆንክ።»

ሳቁ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ደረሰ። አባቷም ሳይፈልጉ ጢማቸው ሥር ሳቁ።

«ዝም በይ አንቺ» አሉ ባለ ከዘራው። «ይኼን ሰውዬ ማየት አትፈልጊም?»

ሴትዮዋ ዘንቢሏን አቅፋ ትንሽ አሰበች። «እፈልጋለሁ እንጂ» አለች። «ድስቱ እንደፈለገ ይሁን።»

* * *

ከታች ሲወርዱ ወንዙ ዳር የቆመው ግራጫ መኪና ከሩቅ ታየ። ሞተሩ ተነስቷል። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያና ሻንጣው ተጭነዋል። ቀያሹ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ፣ በሩን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ላይ ሰፈር መንገድ አዙሮ ቆሟል። መነጽር ቤቱ ያለው በዚያ በኩል ነው።

አውቶቡሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ወረደች።

ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ያያት ጊዜ እግሩን ከመወጣጫው አወረደ፤ ወደ እሷ ግን አልመጣም። እስክትደርስ ጠበቃት።

«የቀረሽ መስሎኝ» አላት።

«ቀድሜህ ነው የመጣሁት። ታች ነበርኩ።»

«ታች?» ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ። ዓይኑ የገደሉ ድልድይ ላይ ደርሶ ተመልሶ እሷ ላይ አረፈ። «ላይ ድልድይ አልኩሽ እኮ። ሳምንቱን ሙሉ ስለማመደው ነው የሰነበትኩት። ያን ቀን እንኳን እንዳንቺ ልናገር ብዬ።»

«እኔ ደግሞ ያንተን ለምጄ።»

ሊስቅ ሲል ተወው። እሷም መሳቅ አልቻለችም። የመኪናው ሾፌር በመስኮቱ ሰዓቱን አሳየው፤ እሱ አላየውም። የአውቶቡሱ መስኮቶች ላይ ፊት በፊት ላይ ተደርድሯል። አባቷ ብቻ ወደ ፊት፣ ወደ ባዶው መንገድ እያዩ ነበር።

«በሥራህ እንዳይቆጭህ ፈርቼ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ። የጠየቅሁሽ ግን እሱን አይደለም።»

ውሃው ከድልድዩ ሥር ያልፋል። የእሱ እጅ የመኪናውን በር እንደያዘ ነው።

«ልቅር?» አላት።

ስለ ደረጃዎቹ ልትነግረው ነበር። ስለ ክረምቱ ወንዝ፣ ስለ ወንበሮቹ፣ ገና ስላልተንኳኩት በሮች። ኮረብታው ላይ ቆማ በሥርዓት ካዘጋጀችው ነገር አንድም ሐሳቧ ውስጥ አልቀረም፤ ቢቀርም አላስፈለጋትም።

«ቅር» አለችው።

እጁን ከበሩ አነሳ። ለሾፌሩ በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር ነገረውና ሻንጣውን ሊያወርድ ወደ መኪናው ጀርባ ዞረ።